ጥቁር ቆዳና ፀሐይ፦ የሜላኒን ጥበቃ እስከ ምን ድረስ ነው?

«ጥቁር ቆዳን ፀሐይ አያቃጥለውም» የሚለው አባባል በብዙዎች ዘንድ ማረጋገጫ እንደማያስፈልገው እውነት ይወሰዳል። በአንጻሩ በየመዋቢያ ሱቁ የሚሸጡ የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ማስታወቂያ ማንኛውም ሰው ሳይቀባ ከቤት ከወጣ ለቆዳ ካንሰር እንደተጋለጠ አድርጎ ያቀርባል። ሁለቱም አባባሎች በከፊል እውነትነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን በጥቅሉ ሲወሰዱ ያሳስታሉ። የስህተቱ ምንጭ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደበላልቀው መቅረባቸው ነው። ጥቁር ቆዳ በፀሐይ ይቃጠላል ወይ? ፀሐይ በጥቁር ቆዳ ላይ ካንሰር ታስከትላለች ወይ? ከቃጠሎና ከካንሰር ሌላ የሚደርስ ጉዳትስ አለ ወይ? ጥያቄዎቹ ሳይለዩ ሲቀሩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሰው ይዘነጋል፤ የማያስፈልገው ደግሞ ያለምክንያት ይሸበራል። ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ለይቶ፣ በተለይም ከኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ሁኔታ ጋር አያይዞ ለመመርመር ይሞክራል።

ሜላኒን ምን ያህል ይከላከላል?

የቆዳ ቀለም በዋናነት የሚገኘው ሜላኖሳይት የተባሉ ሴሎች ከሚያመርቱት ሜላኒን ነው። የእነዚህ ሴሎች ብዛት በጥቁርና በነጭ ሰዎች መካከል የጎላ ልዩነት የለውም። ልዩነቱ የሚታየው በሚመረተው ሜላኒን ዓይነትና መጠን፣ እንዲሁም ሜላኒኑን በያዙት ጥቃቅን ከረጢቶች አቀማመጥ ላይ ነው። በጥቁር ቆዳ ከረጢቶቹ ትልልቅ ከመሆናቸውም በላይ እያንዳንዳቸው ተነጣጥለው በሴሉ ውስጥ ይበተናሉ፤ ወደ ላይኛው የቆዳ ክፍል እስኪደርሱም ድረስ በቀላሉ አይፈርሱም። በነጭ ቆዳ ግን ከረጢቶቹ ያነሱ፣ በአንድ ላይ የታጨቁና ቶሎ የሚፈርሱ ናቸው።

ይህ ልዩነት በቁጥር ተለክቷል። ካይድቤይና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ባወጡት ጥናት የጥቁርና የነጭ ሰዎችን የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ናሙናዎች አነጻጽረዋል። ቆዳን በዋናነት የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር በጥቁሩ ሽፋን በኩል ያለፈው 7.4 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በነጩ በኩል ያለፈው 24 በመቶ ነበር። ወደ ቆዳ ጠልቆ የሚገባው አልትራቫዮሌት ኤ ደግሞ በጥቁሩ 17.5 በመቶ፣ በነጩ 55 በመቶ ያህል አልፏል። በፀሐይ መከላከያ ቅባቶች መለኪያ፣ ማለትም በኤስፒኤፍ ሲሰላ፣ የጥቁሩ ሽፋን ተፈጥሯዊ ጥበቃ 13.4፣ የነጩ 3.4 ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ የጥቁር ቆዳ ጥበቃ እውነተኛና ከፍተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ጥበቃው ወሰን አለው፤ ዛሬ ሐኪሞች ከሚመክሩት የኤስፒኤፍ 30 ቅባት መጠንም ያነሰ ነው። ከዚህም በላይ 13.4 አማካይ እንጂ የእያንዳንዱ ሰው ቁጥር አይደለም። ሣራ ቲሽኮፍ የመራችውና እ.ኤ.አ. በ2017 በሳይንስ መጽሔት የታተመው ጥናት ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና የተገኙ ሰዎችን የቆዳ ቀለምና ዘረመል መርምሮ፣ በአፍሪካ ውስጥ ያለው የቆዳ ቀለም ልዩነት እጅግ ሰፊ መሆኑን አሳይቷል። ቋንቋችንም ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይምና ጥቁር እያልን እንለያለንና። «ጥቁር ሕዝብ» በሚለው ስያሜ ሥር አንድ ላይ ቢጠሩም፣ የቀዩና የጥቁሩ ሰው ቆዳ እኩል ጥበቃ የለውም።

የደጋው ፀሐይ

ጥበቃው በቂ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የቆዳው ቀለም ብቻ አይደለም፤ የሚያርፍበት የጨረር መጠንም ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ከባሕር ወለል በላይ በእያንዳንዱ 1000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ከከተማዋ አናት በላይ ቀጥ ብላ ትውላለች። የነሐሴው ጨረር በክረምቱ ደመና በመጠኑ ሲቀንስ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ግን በጠራ ሰማይ ይወርዳል። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ የጨረር መለኪያው ኢንዴክስ 11ና ከዚያ በላይ ሲሆን «እጅግ ከፍተኛ» ይባላል፤ በደጋማው ኢትዮጵያ በጠራ ቀን በእኩለ ቀን ይህ ደረጃ የተለመደ ነው።

አሁን ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድ የኢንዴክስ አሃድ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ቆዳን የማቃጠል ኃይል ያለው 90 ጁል ጨረር ያሳርፋል። ኢንዴክሱ 12 በሆነበት ቀትር የአንድ ሰዓት ድምር 1080 ጁል ይሆናል። የሃርቫርዱ የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ባስተዋወቀውና በኋላ ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ 5ኛና 6ኛ ዓይነቶች በተጨመሩለት አመዳደብ መሠረት፣ ቆዳ መቆጣት የሚጀምርበት መጠን በተለምዶ ለ5ኛው ዓይነት ከ600 እስከ 900፣ ለ6ኛው ከ900 እስከ 1500 ጁል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ጠይም ሰው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ፣ ጥቁር ሰው ደግሞ በአንድ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የቃጠሎን ወሰን ሊደርስበት ይችላል። ግምቱ ፀሐይ ያልለመደ ቆዳን የሚመለከት ነው። ዕለት በዕለት ፀሐይ ላይ የሚውል ገበሬ ፊትና ክንድ ቆዳው ስለሚወፍርና ስለሚጠቁር የተሻለ ይቋቋማል። በአንጻሩ አዲስ የተላጨ ራስ፣ ሸሚዝ የወለቀበት ጀርባ፣ ወይም ከአውሮፓ ክረምት ለዕረፍት የመጣ ሰው ትከሻ ይህ ልምድ የለውም።

ሌላው አሳሳች ነገር ሙቀት ነው። ሰው የፀሐይን ጉልበት የሚለካው በሙቀቷ ነው። ሙቀት የሚሰጠን ግን በአብዛኛው የብርሃንና የኢንፍራሬድ ጨረር እንጂ አልትራቫዮሌት አይደለም። በሰመራ ሙቀቱ ራሱ ሰውን ወደ ጥላ ይገፋዋል። በደብረ ብርሃን ግን ብርዱ ሰውን ከጥላ ያስወጣውና በቀትር ፀሐይ ሲሞቅ ያውለዋል፤ ሆኖም በተመሳሳይ የጠራ ሰማይ የደብረ ብርሃን አልትራቫዮሌት ከሰመራው ይበልጣል። ስስ ደመናም ቢሆን አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል።

የማይታይ ቃጠሎ

የፀሐይ ቃጠሎ በሕክምና መጻሕፍት የሚገለጸው በመቅላት ነው። መቅላቱ የሚመጣው ከቆዳው ሥር ያሉት የደም ሥሮች በመስፋታቸው ሲሆን፣ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ሜላኒኑ ይህን ለውጥ ይሸፍነዋል። የደም ሥሩ አልሰፋም ማለት ግን አይደለም። በጥቁር ቆዳ ላይ ቃጠሎ የሚታወቀው በመዳሰስና በስሜት ነው፤ ቆዳው ይግላል፣ ይወጠራል፣ ልብስ ሲነካው ያማል፣ ያሳክካል። ስሜቱ የሚጀምረው ከተጋለጡ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሲሆን፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ከቀናት በኋላ ቆዳው ይጠቁራል፤ ይላጣል። ከባድ ሲሆን ውኃ ይቋጥራል።

ስሜቱ ዘግይቶ መምጣቱና መቅላቱ አለመታየቱ ሲደመሩ፣ ታማሚው ራሱ ምክንያቱን ከፀሐይ ጋር ላያገናኘው ይችላል፤ ባለሙያውም አለርጂ ወይም ሌላ የቆዳ ሕመም ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የሕክምና ማስተማሪያ ሥዕሎች ለረጅም ጊዜ በነጭ ቆዳ ላይ የተመሠረቱ መሆናቸው ችግሩን አባብሶታል። ማሎን ሙክዌንዴ የተባለ የለንደን የሕክምና ተማሪ ከመምህራኑ ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ የሚታዩ ምልክቶችን የሚያሳይ መመሪያ ያዘጋጀው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር።

ካንሰርና ፀሐይ

በዚህ ረገድ የማስታወቂያው ስጋት የተጋነነ ነው። በአሜሪካ ሜላኖማ የተባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር በነጮች ላይ ከጥቁሮች ከ20 እጥፍ በላይ ይበዛል። በጥቁር ሰዎች ላይ ሲከሰትም ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማይደርስባቸው በእግር መዳፍ፣ በእጅ መዳፍና በጥፍር ሥር ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ሜላኖማ ዋና መንስኤ ፀሐይ እንደሆነ አይታመንም። ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ ጣት ላይ የተገኘበትና በ1981 በ36 ዓመቱ ለሞት የዳረገው ካንሰር የዚህ ዓይነት ነበር። ስኩዌመስ ሴል የተባለው ሌላው የቆዳ ካንሰርም በጥቁር ሰዎች ላይ በአብዛኛው የሚነሣው ከቆየ ቁስልና ከቃጠሎ ጠባሳ ላይ ነው። ስለዚህ ለጥቁር ሰው ካንሰርን በጊዜ ለማግኘት ከቅባት ይልቅ የሚጠቅመው የእግር መዳፍንና ጥፍርን መመልከት፣ የማይድን ቁስልንም ለሐኪም ማሳየት ነው። በጥቁሮች ላይ ሜላኖማ ቁጥሩ ቢያንስም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ በመሆኑ የመዳን ዕድሉ ያነሰ ነው።

ከዚህ ሁሉ ፍጹም የሚለዩት አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው። ቆዳቸው ሜላኒን የለውም ወይም እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚኖሩት ግን ከላይ በተገለጸው የደጋ ጨረር ሥር ነው። በእነርሱ ላይ ፀሐይ በግልጽ ካንሰር ታስከትላለች፤ በአፍሪካ ብዙዎች ገና በወጣትነታቸው በዚሁ ምክንያት ሕይወታቸውን ያጣሉ። «የእኛ ሰው በፀሐይ አይጎዳም» የሚለው አስተሳሰብ ከማንም በላይ የሚጎዳው እነርሱን ነው፤ አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ከእኩዮቹ ጋር በቀትር ሜዳ ላይ እንዲሰለፍ፣ ከብት እንዲጠብቅ፣ ያለ ባርኔጣ እንዲማር ያደርጋልና።

ከቃጠሎና ከካንሰር ሌላ

በጠይም ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ማድያት በፀሐይ ይባባሳል። እዚህ ላይ አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሃንም ጭምር በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ጥቁረት እንደሚያመጣ በጥናት ታውቋል። ስለሆነም ለማድያት ይበልጥ የሚረዳው የብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም የተቀባ መከላከያ ነው። ሕዝቡ ምች እያለ የሚጠራው በከንፈር ዙሪያ የሚወጣው ቁስልም በሕክምና በኩል የሚታወቅ ምክንያት አለው፤ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየ የሄርፐስ ቫይረስ በአልትራቫዮሌት ሊቀሰቀስ ይችላል። ለረጅም ዘመን ፀሐይ ላይ መዋል ለዓይን ሞራ ከሚያጋልጡት ምክንያቶች አንዱ ሲሆን፣ የቆዳ ቀለም ከዚህ አያድንም።

ሁለት ሰው ሠራሽ ምክንያቶችም መጠቀስ አለባቸው። ቆዳን ለማቅላት የሚቀቡ ክሬሞች ሜላኒኑን ስለሚቀንሱ ተፈጥሯዊውን ጥበቃ ይገፍፋሉ። እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶች ደግሞ ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጉታል፤ መድኃኒቱን የሚወስድ ጥቁር ሰው ከወትሮው ባጠረ ጊዜ ሊቃጠል ይችላል።

የቫይታሚን ዲ ጥያቄ

ጥንቃቄው ፀሐይን ወደ መሸሽ እንዳያመራ የሚያስገድድ ምክንያት አለ። ሰውነት ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በአልትራቫዮሌት ቢ አማካይነት ሲሆን፣ ሜላኒን ይህንኑ ጨረር ስለሚያግድ ጥቁር ሰው ከነጭ ሰው የረዘመ ጊዜ ያስፈልገዋል። በአገራችን ተጠቅልለው በቤት ውስጥ የሚያድጉ ሕፃናት በሪኬትስ የሚያዙት ፀሐይ ጠፍቶ ሳይሆን ሳይነካቸው ቀርቶ ነው። በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ችግር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በቦስተን ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ የፀሐይ ብርሃን በማንም ቆዳ ላይ ቫይታሚን ዲ አይሠራም። በእስራኤል በ1990ዎቹ የተደረገ ጥናትም ከኢትዮጵያ በመጡ ሴቶች ዘንድ ከፍተኛ የቫይታሚን ዲ እጥረት አግኝቷል። ስለዚህ በሚኒያፖሊስ ወይም በስቶክሆልም ለሚኖር ጠይም ሰው በክረምት የሚያሳስበው የፀሐይ እጥረት እንጂ ቃጠሎ አይደለም።

ምን ይደረግ?

ከላይ የቀረበው ማስረጃ ለሁሉም አንድ ዓይነት ምክር አይሰጥም። ጤናማ ለሆነ ጠይም ወይም ጥቁር ሰው በደጋው ከቀኑ 4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ረዘም ላለ ሥራ ሲወጣ ባርኔጣ፣ ጃንጥላና ልብስ ይበቃሉ። በልብስ በኩል ዋናው የሽመናው ጥቅጥቅነት ነው፤ ስስና ክፍት ሽመና ያለው ነጠላ ሲደረብ እንጂ እንዳለ ብዙ አይከላከልም፤ ጋቢ ግን በደንብ ይጋርዳል። ዕለታዊ ቅባት በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው አልቢኒዝም፣ ማድያት ወይም ሉፐስ ያለባቸውና ለፀሐይ የሚያሳስስ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። ቅባቱ ኤስፒኤፍ 30ና ከዚያ በላይ፣ ሁለቱንም የጨረር ዓይነቶች የሚከላከል፣ በበቂ መጠንም የሚቀባ መሆን አለበት፤ በስሱ የተቀባ ቅባት በዕቃው ላይ የተጻፈውን ጥበቃ አይሰጥም።

የቀረው የተቋማት ድርሻ ነው። የግንባታ ቦታዎችና የትራፊክ ፖሊስ መቆሚያዎች ጥላ ይሻሉ። ትምህርት ቤቶች ሰልፍንና ስፖርትን ከቀትር ውጪ ቢያደርጉና አልቢኒዝም ያለባቸው ተማሪዎች ባርኔጣና ረጅም እጅጌ እንዲለብሱ ቢፈቅዱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሕክምና ትምህርት ክፍሎቻችን ደግሞ በቃጠሎ የተጎዳ ጠይም ቆዳ ምን እንደሚመስልና ሲዳሰስ ምን እንደሚሰማ፣ ከራሳችን ታማሚዎች በተወሰዱ ምስሎችና በተግባር ልምምድ ማስተማር ይጠበቅባቸዋል።