የብስክሌት ጭነት በካራቫን ላይ፦ ከክብደቱ ይልቅ ቦታው

በሰሜን አሜሪካ ብዙ ቤተሰቦች ለዕረፍት ሲወጡ መኝታና ማብሰያ ያለውን ተሳቢ፣ ማለትም ካራቫን፣ በፒካፕ ወይም በሌላ ጠንካራ መኪና እየጎተቱ ይጓዛሉ። ብስክሌቶቻቸውን የት እንደሚጭኑ ሲያስቡ ዓይናቸው አስቀድሞ የሚያርፈው በተሳቢው ጀርባ ላይ ነው፤ ቦታው ባዶ ነው፣ ለመጫንም ለማውረድም ይመቻል። ይሁን እንጂ ለመኪና የተሠራ የብስክሌት መጫኛ በዚያ ቦታ ሲገጠም ሊጣመም፣ አልፎ ተርፎም ከነብስክሌቶቹ ተገንጥሎ ከኋላ በሚመጣ አሽከርካሪ ፊት ሊወድቅ ይችላል። በመኪና ላይ ለዓመታት ያገለገለ መጫኛ በተሳቢ ላይ ለምን ይሰበራል?

የተለመደው መልስ «ክብደቱ በዝቶ ነው» የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እውነት ነው። ተሳቢ በአክስሉ (አክስሎቹ ሁለት ከሆኑ በመካከላቸው ባለው ነጥብ) ላይ እንደ ሚዛን ዘንግ ይወዛወዛል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወይም ጎታቹ መኪና አፍንጫውን ሲያነሣና ሲደፋ የሚፈጠረው እንቅስቃሴ፣ ከአክስሉ በራቁ ቁጥር እየጎላ ይሄዳል። በአገር አቋራጭ አውቶቡስ የመጨረሻው ወንበር ላይ የተጓዘ ሰው ይህን ያለ ቀመር ያውቀዋል። በመኪና ላይ የኋላው አክስል ለመጫኛው ቅርብ ነው፤ በካራቫን ላይ ግን ርቀቱ ከ3 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። አንዳንድ አምራቾች መጫኛቸው በተሳቢ ላይ እንዳይገጠም የሚከለክሉት፣ ሌሎችም የተፈቀደውን ክብደት የሚቀንሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ለምሳሌ ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች እያንዳንዳቸው 25 ኪሎ ግራም፣ መጫኛውም 25 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ጠቅላላው 75 ኪሎ ግራም ይሆናል። የጭነቱ ማዕከል ከተሳቢው ፓራውልት ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ቢርቅ፣ ተሳቢው ቆሞ ሳለ እንኳ ፓራውልቱን የሚጠመዝዘው ጉልበት 368 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ተሳቢው ነጥሮ ጭነቱ ለቅጽበት የክብደቱን 3 እጥፍ ቢጫን፣ ጉልበቱ ከ1,100 ኒውተን ሜትር ያልፋል። ይህን እንዲሸከም የሚጠበቀው ፓራውልት ደግሞ በብዙ ካራቫኖች ላይ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ የፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦ በውስጡ እንዲቀመጥ የታሰበ ስስ ባለ አራት ማዕዘን ብረት ነው። የያዘው ስም ከሥራው ይበልጣል።

ፓራውልቱ የሚሰበረው በአንድ ከባድ ምት ብቻ አይደለም። የበለጠ የሚጎዳው ድግግሞሹ ነው። «የብረት ድካም» በሚባለው ሂደት፣ በብየዳው ጠርዝ የጀመረ የፀጉር ያህል ስንጥቅ በእያንዳንዱ መንጠር ጥቂት በጥቂት ያድጋል። በተለመደው የንድፍ ስሌት የተበየደ መጋጠሚያ ዕድሜ ከውጥረቱ መዋዠቅ 3ኛ ርቢ ጋር የተገላቢጦሽ ዝምድና አለው፤ መዋዠቁ 2 እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ 1/8 ይወርዳል። «ባለፈው ጉዞ ምንም አልሆነም» የሚለው ክርክር ማስረጃ የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ ስንጥቁ በቀለም ሥር ተሸፍኖ እያደገ ሊሆን ይችላል።

መጫኛው ባይሰበር እንኳ የተሳቢው ሚዛን ጉዳይ ይቀራል። በሰሜን አሜሪካ ልማድ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው በመጎተቻው ማያያዣ ላይ እንዲያርፍ ይመከራል። ከዚህ ሲያንስ ተሳቢው በፍጥነት ሲጎተት ወደ ግራና ቀኝ ለመወላወል ይጋለጣል። 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ በማያያዣው ላይ 300 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 12 በመቶ፣ ያሳርፋል እንበል። ማያያዣው ከአክስሉ 4.5 ሜትር ወደ ፊት ሆኖ 75ቱ ኪሎ ግራም 3.6 ሜትር ወደ ኋላ ቢጫን፣ ከማያያዣው ላይ 60 ኪሎ ግራም ይነሣል። የሚቀረው 240 ኪሎ ግራም ከአዲሱ ጠቅላላ ክብደት 9.3 በመቶ ብቻ ነው።

ያው ጭነት ከማያያዣው ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በተሳቢው የፊት ሻንሲ ላይ ከአክስሉ 3.6 ሜትር ወደ ፊት ቢቀመጥ ግን የማያያዣው ክብደት 360 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 14 በመቶ ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ የመጎተቻውና የጎታቹ የኋላ አክስል የተፈቀደ ልክ መታየት አለበት፤ በጠባብ መታጠፊያ ላይም የብስክሌቱ መሪ የመኪናውን የኋላ መስታወት እንዳይመታ ክፍተቱ አስቀድሞ መለካት ይኖርበታል። ፒካፕ ላለው ሰው የጭነት ሳጥኑ ከሁሉም ይሻላል። የመኪናው ጣሪያም ይሆናል፤ ነገር ግን 25 ኪሎ ግራም ወደዚያ ማንሣት ለማንም አይቀልም።

የተሳቢው ጀርባ ብቸኛው አማራጭ ከሆነ፣ መጫኛው አምራቹ ለተሳቢ የፈቀደው ሆኖ ከፓራውልቱ ጋር ሳይሆን ከሻንሲው ጋር መያያዝ ይገባዋል። የብስክሌቶቹ ባትሪዎች ወጥተው በመኪናው ውስጥ ቢጓዙ ጥቂት ኪሎ ግራም ይቀንሳል፤ መብራቶቹና ታርጋው መሸፈን የለባቸውም። የማያያዣው ክብደት የሚለካው ብስክሌቶቹ ከተጫኑና የውኃ ጋኑ ለጉዞው የታሰበውን ያህል ከተሞላ በኋላ ነው፤ ጋኑ ከአክስሉ በስተኋላ ከሆነ ውኃውም እንደ ብስክሌቶቹ ከማያያዣው ላይ ክብደት ያነሣል።