ኮከብ ለመግዛት የቡድኑ ሀብት ይበቃል?

የሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ የ2019 ግዢ በነጋዴ ሒሳብ ሲመረመር

በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤን.ቢ.ኤ.፣ የዝውውር ወቅት በደረሰ ቁጥር በየቡድኑ ደጋፊ ዘንድ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፡፡ «የእኛ ቡድን ያንን ኮከብ ለማምጣት የሚበቃ ሀብት አለው ወይ?» ይባላል፡፡ ጥያቄው የስፖርት ይምሰል እንጂ መልሱ የሚገኘው በነጋዴ ሒሳብ ነው፡፡ ገዢው ምን ይዟል? የያዘውን ሻጩ ይፈልገዋል? ከሁለቱ ማን ይበልጥ ተቸግሯል? ከተከፈለ በኋላስ ምን ይተርፋል? ተብሎ መጠየቅ አለበት፡፡

ይህ ሒሳብ በግልጽ ከታየባቸው ግዢዎች አንዱ የተፈጸመው በጁላይ ወር 2019 ነው፡፡ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፡፡) ሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ፖል ጆርጅን ከኦክላሆማ ሲቲ ተንደር ሲወስድ የከፈለው ዋጋ ሁለት ተጫዋቾች፣ አምስት የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ተራዎችና ሁለት ተራ የመለዋወጥ መብቶች ነበር፡፡ ለአንድ ተጫዋች ይህን ያህል መክፈል ቀደም ሲል እምብዛም ያልተለመደ ነበር፡፡

ገንዘብ ብቻውን የማይገዛው ዕቃ

የክሊፐርስ ባለቤት የማይክሮሶፍት ኩባንያ የቀድሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ስቲቭ ባልመር ሲሆን፣ ክለቡን በ2014 የገዛው በ2 ቢሊዮን ዶላር ነው፡፡ ይህን የመሰለ ባለሀብት አንድ ተጫዋች ለመግዛት ምን ይቸግረዋል? ሊባል ይችላል፡፡ በአውሮፓ እግር ኳስ ቢሆን ኖሮ ቼክ ጽፎ ይገላገል ነበር፡፡ በኤን.ቢ.ኤ. ግን እንዲህ አይቻልም፡፡ አንዱ ቡድን ለሌላው በዓመት ውስጥ የሚሰጠው ጥሬ ገንዘብ በጥቂት ሚሊዮን ዶላር የተገደበ ነው፡፡ ከዚህም ሌላ ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለው፡፡ በ2019-20 የውድድር ዓመት ጣሪያው 109.1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፡፡ ከጣሪያው በላይ የሆነ ቡድን ተጫዋች ሲለዋወጥ የሚሰጠው ደመወዝና የሚቀበለው ደመወዝ መቀራረብ ይኖርበታል፡፡

በመሆኑም በዚህ ገበያ የሚሠራባቸው «ገንዘቦች» በዋናነት ሦስት ናቸው፡፡

የመጀመሪያው ደመወዝ ማመጣጠኛ ነው፡፡ ጆርጅ በዚያ ዓመት የሚከፈለው ወደ 33 ሚሊዮን ዶላር ነበር፡፡ በወቅቱ ሕግ መሠረት እንዲህ ባለ ትልቅ ልውውጥ ገዢው መቀበል የሚችለው ከሚሰጠው ደመወዝ 125 በመቶና ተጨማሪ 100 ሺህ ዶላር ድረስ ነው፡፡ ክሊፐርስ ከሰጣቸው ተጫዋቾች የዳኒሎ ጋሊናሪ ደመወዝ 22.6 ሚሊዮን፣ የሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር ደግሞ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ነበር፡፡ ሁለቱ ሲደመሩ ወደ 26.6 ሚሊዮን ይሆናል፤ ይህም በ125 በመቶ ሲሰላ ከ33.2 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጣል፡፡ 100 ሺሁ ሲጨመርበት የጆርጅን ደመወዝ ለጥቂት ይሸፍናል፡፡ ጋሊናሪ ጥሩ ተጫዋች ቢሆንም በዚህ ንግድ ውስጥ ዋና ጥቅሙ ሚዛኑን ማስተካከል ነበር፡፡ ውሉ በ2020 የሚያበቃ መሆኑም ሻጩን ለረጅም ጊዜ ዕዳ አይዳርገውም፡፡

ሁለተኛው ወጣት ተጫዋች ነው፡፡ በመጀመሪያ ዙር የተመረጠ አዲስ ተጫዋች ለመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት የሚከፈለው ሊጉ ባወጣው የደመወዝ እርከን ነው፡፡ ልጁ ጎበዝ ሆኖ ከተገኘ ቡድኑ የ30 ሚሊዮን ሥራ በ4 ሚሊዮን ያሠራል ማለት ነው፡፡ የወጣቱ ዋጋ ከችሎታው ባሻገር በዚህ ልዩነት ይለካል፡፡

ሦስተኛው የድራፍት ተራ ነው፡፡ ድራፍት ማለት ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ሲሆን፣ ደካማ ውጤት ያስመዘገበ ቡድን ወደ ፊት ተራ ይጠጋል፡፡ ተራው ሊሸጥ ይችላል፡፡ ገና በማሳ ላይ ያለ እህል ሳይታጨድ እንደሚሸጠው ሁሉ፣ ገዢውም ሻጩም ምርቱ ምን ያህል እንደሚሆን አያውቁም፡፡

ሕጉ የሚያስረው እጅ

ተራ ያለው ሁሉ እንዳሻው አይሸጥም፡፡ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የክሊቭላንድ ካቫሊየርስ ባለቤት የነበረው ቴድ ስቴፒያን የቡድኑን የወደፊት ተራዎች በላይ በላዩ ሸጦ ቡድኑን አራቆተው፡፡ ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1980 የተሸጠ አንድ የክሊቭላንድ ተራ ደግሞ በ1982 የድራፍቱ አንደኛ ሆኖ ወጣ፡፡ በዚያው ዓመት ዋንጫ ያነሣው ሎስ አንጀለስ ሌከርስም ጄምስ ዎርዚን መረጠበት፡፡ ከዚህ በኋላ ሊጉ ደንብ አወጣ፡፡ አንድ ቡድን በተከታታይ ሁለት የወደፊት ዓመታት ያለ አንድም የመጀመሪያ ዙር ተራ ሊቀር አይችልም፡፡ ደንቡ እስከ ዛሬ በስቴፒያን ስም ይጠራል፡፡ በተጨማሪም ከሰባት ዓመት በላይ ርቆ የሚገኝ ተራ አይሸጥም፡፡

የክሊፐርስ አከፋፈል በዚህ ደንብ ዓይን ሲታይ ምስጢሩ ይገለጣል፡፡ ቡድኑ የራሱን የ2022፣ የ2024 እና የ2026 ተራዎች አንድ ዓመት እየዘለለ ሰጠ፡፡ በመሐል በቀሩት በ2023 እና በ2025 ደግሞ ተንደር ከፈለገ ተራ እንዲለዋወጥ መብት ሰጠው፡፡ ተራ መለዋወጥ ተራ ማጣት ስላልሆነ ደንቡ አይከለክለውም፡፡ 2026 ደግሞ በዚያ በጋ ሊሸጥ የሚችለው የመጨረሻው ዓመት ነበር፡፡ በአጭሩ ክሊፐርስ ከ2022 ጀምሮ ካለው የራሱ ተራ ሕጉ የፈቀደለትን ሁሉ ከፈለ፡፡

ክምችቱ ከየት መጣ?

ከአምስቱ ተራዎች ሁለቱ የክሊፐርስ የራሱ አልነበሩም፤ የማያሚ ሂት ነበሩ፡፡ አመጣጣቸው ለነጋዴ ትምህርት ሰጪ ነው፡፡ በ2017 ክሊፐርስ ለብሌክ ግሪፊን የአምስት ዓመት የ171 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመለት፡፡ ዓመት ሳይሞላው፣ በጃንዋሪ 2018፣ ለዲትሮይት ፒስተንስ ሸጠው፡፡ ከዲትሮይት ካገኛቸው መካከል ተጫዋቹ ቶባያስ ሃሪስና አንድ የመጀመሪያ ዙር ተራ ይገኙበታል፡፡ ያ ተራ በ2018 ድራፍት 12ኛ ሆኖ ወጣ፤ ክሊፐርስም የመረጠውን ተጫዋች ሁለት የሁለተኛ ዙር ተራዎች መርቆ በ11ኛው ተራ የተመረጠውን ጊልጀስ-አሌክሳንደርን ከሻርለት ሆርኔትስ ወሰደ፡፡ በፌብሩዋሪ 2019 ደግሞ ሃሪስን ለፊላደልፊያ ሲሸጥ ካገኘው ዋጋ አንዱ የማያሚ የ2021 ተራ ነበር፡፡ የ2023ቱ የማያሚ ተራ የተገኘው በዚያው በ2019 በጋ ነው፡፡ ማያሚ ጂሚ በትለርን ለማስመጣት ሲል ደመወዝ የሚሸከምለት ሲፈልግ፣ ክሊፐርስ የሞሪስ ሃርክለስን ደመወዝ ተሸክሞ ተራውን በክፍያ መልክ ተቀበለ፡፡

በዚህ ሁኔታ አንድ ውድ ውል ተመንዝሮ ወደ ወጣት ተጫዋችና ወደ ተራ ተለወጠ፡፡ «ሀብት ይበቃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ኮከቡ ለገበያ በወጣበት ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው የሚባለው ለዚህ ነው፡፡

የተቸገረው ማን ነበር?

ዋጋ የሚወጣው በሀብት መጠን ብቻ አይደለም፡፡ ጆርጅ ወደ ክሊፐርስ እንዲሄድ ተንደርን ቢጠይቅም ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር፡፡ ስለዚህ ተንደር የሚያጣድፈው ነገር አልነበረም፡፡ ክሊፐርስ ግን ተጣድፎ ነበር፡፡ ከቶሮንቶ ራፕተርስ ጋር ዋንጫ አንሥቶ ውሉን የጨረሰው ካዋይ ሌናርድ ወደ ክሊፐርስ የሚመጣው ሌላ ኮከብ ከጎኑ ከተሰለፈ እንደሆነ ተዘግቧል፡፡ ሌከርስና ቶሮንቶም ሌናርድን እየጠበቁ ነበር፡፡ የተንደር ሥራ አስኪያጅ ሳም ፕሬስቲ የሚሸጠው አንድ ተጫዋች ቢሆንም፣ ገዢው የሚያገኘው ሁለት መሆኑ የታወቀ ነበር፡፡ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ዋጋውም በሁለት ኮከብ ሚዛን ተተመነ፡፡

በዚያው በጋ በዚያችው ከተማ ሌላ ግዢ ተፈጽሟል፡፡ የኒው ኦርሊየንስ ፔሊካንስ ኮከብ አንቶኒ ዴቪስ ውሉን እንደማያድስ በጃንዋሪ 2019 በወኪሉ በኩል አስታወቀ፡፡ ሌከርስ በፌብሩዋሪ ያቀረበው ዋጋ ተቀባይነት አላገኘም፡፡ በሜይ ወር በወጣው የድራፍት ዕጣ ግን 11ኛ ይሆናል ተብሎ የተገመተው የሌከርስ ተራ 4ኛ ሆኖ ወጣ፡፡ በጁን ወር ስምምነት ሲደረስ ሌከርስ ሎንዞ ቦልን፣ ብራንደን ኢንግራምንና ጆሽ ሃርትን፣ ያንን 4ኛ ተራ ጨምሮ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ተራዎችንና አንድ የመለዋወጥ መብት ከፈለ፡፡ ዋጋው ቀላል አልነበረም፡፡ ሆኖም ዴቪስ መጫወት የሚፈልገው በሌከርስ መሆኑ ስለታወቀ ሌሎች ገዢዎች ለአንድ ዓመት ብቻ ሊቆይ የሚችል ዕቃ በሙሉ ዋጋ ለመግዛት ያመነታሉ፡፡ ሌከርስ በ2020 ዋንጫውን አነሣ፤ ግዢውም በአንድ ዓመት ውስጥ ራሱን ከፈለ፡፡

የዕዳው ዕድሜና የዕቃው ዕድሜ

ክሊፐርስ ተታለለ ማለት አይቻልም፡፡ ጊልጀስ-አሌክሳንደር በመጀመሪያው ዓመት በጨዋታ በአማካይ ያገባው 10.8 ነጥብ ነበር፤ የወደፊቱን በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችል አልነበረም፡፡ ጆርጅን ባይገዛ ሌናርድንም የማጣት ሥጋት ነበረበት፡፡ በዕለቱ ሒሳብ ዋጋው ከባድ ቢሆንም ከአእምሮ ውጪ አልነበረም፡፡

ችግሩ ያለው በሁለት ነገር ነው፡፡ አንደኛ፣ የተገዛው ዕቃ ውል ሁለት ዓመት ሆኖ ሦስተኛው በተጫዋቹ ምርጫ የሚወሰን ሲሆን፣ ዕዳው ግን እስከ 2026 የሚከፈል ነው፡፡ በአጭር ጊዜ ለሚያልቅ ዕቃ ረጅም ብድር የወሰደ ነጋዴ ዕቃው ካለቀ በኋላም መክፈሉን አያቆምም፡፡ ሁለተኛ፣ የክሊፐርስ የራሱ ሦስት ተራዎች ገደብ አልነበረባቸውም፡፡ የማያሚ የ2023 ተራ የተወሰነ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ከወጣ ለማያሚ እንዲቀር የሚያደርግ ከለላ ነበረው፡፡ ክሊፐርስ ለራሱ እንዲህ ያለ ከለላ አላስቀረም፡፡ ያለ ገደብ የተሰጠ ተራ ደግሞ እንደ ተገለበጠ ኢንሹራንስ ነው፡፡ የሰጪው ቤት ሲቃጠል ካሳውን የሚቀበለው ጎረቤቱ ነው፡፡

የሆነውም ይኸው ነው፡፡ ክሊፐርስ በ2020 ዴንቨር ናጌትስን 3 ለ 1 እየመራ ተሸነፈ፡፡ በ2021 በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምዕራቡ ክፍል ፍጻሜ ቢደርስም ሌናርድ በጉልበት ጉዳት ወጣ፤ የ2021-22 የውድድር ዓመትም ሙሉ በሙሉ አመለጠው፡፡ ጆርጅም በዚያ ዓመት በጉዳት ምክንያት የተጫወተው 31 ጨዋታ ብቻ ነበር፡፡ ቡድኑ ከጥሎ ማለፉ ውጪ ሲሆን ተራው 12ኛ ሆኖ ወጣ፡፡ ተራው ግን የተንደር ነበርና ጃለን ዊልያምስን መረጠበት፡፡ ክሊፐርስ የጆርጅን ውል በመሐል አራዝሞ ለአምስት የውድድር ዓመታት አቆየው፡፡ በ2024 ጆርጅ ውሉን ጨርሶ በአራት ዓመት የ212 ሚሊዮን ዶላር ውል ወደ ፊላደልፊያ ሲሄድ ክሊፐርስ በምትኩ ያገኘው ምንም የለም፡፡ በ2025 ተንደር ኢንዲያና ፔሰርስን 4 ለ 3 አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሣ የዓመቱም የፍጻሜውም ኮከብ ጊልጀስ-አሌክሳንደር፣ በአምስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ 40 ነጥብ ያገባው ደግሞ ዊልያምስ ነበር፡፡

አራቱ ጥያቄዎች

እንግዲህ ስለ ማንኛውም ቡድን «ይበቃል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ መታየት ያለባቸው ነጥቦች አራት ናቸው፡፡ የደመወዙን ሚዛን የሚያስተካክል ውል አለ? ሻጩ የሚፈልገው ዓይነት ወጣት ወይም ተራ አለ? እንደገና ለመገንባት ለተነሣ ሻጭ የ30 ዓመት ጎበዝ ተጫዋች ብዙም አይጠቅመውምና፡፡ በጊዜ የተጣደፈው ሻጩ ነው ወይስ ገዢው? በመጨረሻም ግዢው ቢከሽፍ ቡድኑ በምን ይነሣል?

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ኮከቡ መምጣት አለመምጣቱን ይወስናሉ፡፡ ክሊፐርስ በ2019 ሦስቱንም በሚገባ አሟልቶ ነበር፤ ኮከቡንም አገኘ፡፡ ሒሳቡ የጎደለው በአራተኛው ላይ ነው፡፡ ጆርጅ ከሄደ በኋላም በ2025 ተራ የመለዋወጥ፣ በ2026 ደግሞ ተራውን ራሱን የማስረከብ ግዴታው ገና አላለቀም ነበር፡፡