በአውቶሞቢል አካል ውስጥ ፎም ስለ መሙላት

አውቶሞቢል ሲያረጅ ይንገጫገጫል፤ በሩም በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር ሲጥ ሲጥ ይላል። ይህን ጊዜ ለባለቤቱ አንድ ቀላል የሚመስል ምክር ይቀርብለታል። ይኸውም በርና መስኮት ሲገጠም ክፍተት የሚሞላበትን፣ ከጣሳ ወጥቶ እንደ አረፋ ተነፍቶ የሚደርቀውን ፎም ከበሩ ሥር ባለው ባዶ የብረት ሣጥንና በምሰሶዎቹ ውስጥ መሙላት ነው። በውጭ አገር የውድድር መኪና የሚያሰናዱ አንዳንድ ሰዎች ይህን ማድረጋቸው እውነት ነው። የሳሳው ላሜራ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ፎሙ ስለሚደግፈው አካሉ በመጠኑ ይጠነክራል። ሚስትና ልጆች ለሚሳፈሩበት አውቶሞቢል ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ያ ሣጥን ባዶ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሥሩ ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች በዝናብና በእጥበት የገባውን ውሃ የሚያወጡ ናቸው። ፎሙ እነዚህን ይደፍናል፤ በላሜራውና በፎሙ መካከል የሠረገ ውሃም አየር ሳያገኝ ይቀመጣል። ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበላ ባለቤቱ የሚያየው የደኅናውን ቀለም ብቻ ነው። ይልቁንም የሚያሳዝነው፣ ያ ሲጥ ሲጥ የሚለው ድምፅ የብረቱን መድከም ይናገር የነበረ ሲሆን፣ ፎሙ ድምፁን አፍኖ ባለቤቱን ደስ ማሰኘቱ ነው።

የጣሳው ፎም የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ስለ ሆነ፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ መካከሉ ሳይደርቅ ሊቈይ ይችላል። ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራው ደግሞ ሲነፋ ይሞቃል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ከፈሰሰ ውስጡ እስኪያር ይደርሳል። በውስጡ ያለው አይሶሲያኔት የተባለው ቅመም ሳንባን ያስቈጣል፤ አስም ያመጣበት ሠራተኛም አለ።

በ1951 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር የመርሴዲስ መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ የመኪናው ጫፎች በግጭት ጊዜ ተጨማደው ኃይሉን እንዲውጡ፣ የሰው መቀመጫው ግን እንዲጠነክር የሚያደርግ አሠራር አስመዘገበ። ይህ ዘዴ በ1959 በፋብሪካው መኪና ላይ ዋለ። በመኪናው የፊት ጫፍ ያለውን ተሸካሚ ብረት በፎም የሞላ ሰው ይህን ስሌት ያፋልሳል፤ መታጠፍ የነበረበት ብረት ሳይታጠፍ ቢቀር ግፊቱ ወደ ተሳፋሪው ይሻገራል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ራሳቸው ፎም ይጨምራሉ፤ ነገር ግን ቦታውንና ክብደቱን ለክተው፣ መኪናውንም አጋጭተው ከፈተኑ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ብየዳ ነው። ምንም ያልተነገረው በያጅ እሳቱን ወደዚያ ላሜራ ሲያቀርብ ፎሙ ይቀጣጠላል፤ ጢሱም ካርቦን ሞኖክሳይድና የሲያናይድ መርዝ አለበት።

እንግዲህ አሮጌ አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው ከበሩ ሥር ያለውን ብረት በጣቱ ያንኳኳው፤ እንደ ባዶ ጣሳ ካልጮኸ፣ የውሃ መውጫውም ተደፍኖ ከተገኘ፣ ሻጩን ይጠይቅ። የዛገውን ቈርጦ አዲስ ላሜራ ማስበየድና ከዚያ በኋላ በቀዳዳው ሰም ማስረጨት ገንዘብ ያስወጣል። ፎም ከገባ በኋላ ግን ያ ሁሉ ወጪ እንዳለ ሆኖ፣ የደረቀውን ፎም በቀላሉ የሚያሟሟ ፈሳሽ ስለሌለ፣ አስቀድሞ ሣጥኑን መቅደድና በመሮ እየፋቁ ማውጣት ያስፈልጋል።