ኩሬን ስለሚሸፍን የውኃ አረም፥ እንዴትም እንደሚነቀል

በከፋ አገር፥ በደካም ሆነ በቦንጋ ዙሪያ፥ ዝናቡ ብዙ ነው፤ ምንጩም በየሸለቆው ይፈልቃል። ስለዚህ በቤቱ አጠገብ ኩሬ ቈፍሮ ዓሣ ለማርባት፥ ከብት ለማጠጣት ወይም ጓሮውን ለማልማት የሚሻ ሰው ውኃ አያጣም። ዳሩ ግን የቆመ ውኃ እንደ ታረሰ መሬት ነው፤ ባለቤቱ ያልዘራውንም ያበቅላል። እርሻውን በየጊዜው የሚያርመው ገበሬ ኩሬውን ግን ዓመት ሙሉ ሳይመለከተው ይከርማል። በተመለከተው ጊዜም ውኃው ተሰውሮ በላዩ አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጥፎ ያገኘዋል።

ይህን ጽሑፍ ለመምህራንና ለሚያነቡ የአገር ሽማግሌዎች የጻፍነው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የውኃ አረም በመጀመሪያው ቅጠል ጊዜ በአንድ ልጅ እጅ የሚነቀል ሲሆን፥ ከቈየ ግን የአገር ሰው ሁሉ ወጥቶ የማይጨርሰው መሆኑን ለማስረዳት ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከውኃ አረሞች ሁሉ ይልቅ በአገራችን ስሙ የወጣው እምቦጭ የሚባለው ነው። ቅጠሉ ክብ፥ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው። የቅጠሉ አገዳ እንደ ሽንኩርት ራስ ያበጠ ሆኖ ውስጡ እንደ ሰፍነግ አየር የተሞላ ስለ ሆነ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሥሩም እንደ ላባ ሆኖ ወደ ታች ይንጠለጠላል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ በላይኛው የአበባው ቅጠል ላይም ቢጫ ነጥብ አለበት። መልኩ ያማረ መሆኑን መካድ አይገባም፤ ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው። የትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የአማዞን ወንዝ አካባቢ ሲሆን፥ ሰዎች አበባውን ወድደው የአትክልት ስፍራ ጌጥ ይሆን ዘንድ ከአገር ወደ አገር ወሰዱት። በ1884 በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ በተከፈተው ታላቅ የጥጥ ትርኢት ለጐብኚዎች ይታደል እንደ ነበር ይነገራል። ብዙም ሳይቈይ በፍሎሪዳ የሴንት ጆንስን ወንዝ ሸፍኖ መርከብ አላሳልፍ አለ፤ በ1899ም የአሜሪካ ምክር ቤት ወንዞቹ ከዚህ አረም እንዲጸዱ በሕግ እስከ ማዘዝ ደረሰ።

ወደ እኛም አገር ደረሰ። በ1965 በቆቃ ግድብ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መገኘቱ ተመዘገበ፤ በጣና ሐይቅ ላይ ደግሞ በ2011 ታየ። የጣና ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፥ ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀበት ስፍራ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሰሜንና በምሥራቅ በኩል፥ በደምቢያ፥ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ፥ ምድሩ ሜዳ ስለ ሆነ ውኃው በበጋ ይሸሻል፥ በክረምትም ተመልሶ ይተኛበታል። የመገጭ፥ የርብና የጉማራ ወንዞች ከየእርሻው ያጠቡትን አፈርና ፍግ የሚያራግፉት በዚሁ ወገን ነው። ስለዚህ አረሙ ምግቡንም፥ ጸጥ ያለ ውኃውንም፥ ዘሩን የሚቀብርበትንም ጭቃ በአንድ ስፍራ አገኘ። የአገሩ ገበሬ በዘመቻ እየወጣ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው፤ በኋላም ማጨጃ መኪናዎች መጡ። ሆኖም በአንድ ወገን የተነቀለው በሌላ ወገን በነፋስ እየተገፋ ይመለስ ነበር። ታንኳው መንገድ አጣ፤ መረብ የሚጥለውም ዓሣ አጥማጅ ከዓሣው ይልቅ ቅጠል የሚያወጣ ሆነ። በእኔ አስተያየት ከዚህ የምንማረው ስለ ድካሙ ማነስ አይደለም፤ ድካሙስ ብዙ ነበር። የምንማረው ስለ ጊዜው ነው።

የጊዜውን ነገር መምህራን በሒሳብ ትምህርት ቢያስረዱት ልጆች ፈጥነው ይገባቸዋል። እምቦጭ በዘር ብቻ አይራባም፤ ከእናቲቱ ሥር እንደ ሐረግ ያለ ቅርንጫፍ በውኃው ላይ ይዘረጋል፥ በጫፉም አዲስ ተክል ይወጣል። ሙቀትና ምግብ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ርዝመቱ 20 ሜትር፥ ወርዱም 10 ሜትር የሆነ ኩሬ ቢኖር፥ ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር ነው። አረሙ ዛሬ በአንድ ማዕዘን 3 ካሬ ሜትር ያህል ይዞ ቢታይ ማንም አይደነግጥም። ነገር ግን ስድስት ጊዜ ሲታጠፍ፥ ማለት በ12 ሳምንት ውስጥ፥ ኩሬው ሁሉ ይሸፈናል። ይልቁንም አስተውሉ፤ በ10ኛው ሳምንት ግማሹ ውኃ ገና ክፍት ነው፥ ባለቤቱም «ገና ጊዜ አለኝ» ይላል። የጠነከረ የእምቦጭ ምንጣፍ በአንድ ካሬ ሜትር 20 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ልጆች በአንድ ጧት ያወጡት የነበረው ሸክም ከሦስት ወር በኋላ 40 ኩንታል ይሆናል።

የተሸፈነ ኩሬ ጉዳቱ ምን እንደ ሆነ ደግሞ እንናገር። ብርሃን ወደ ውኃው ስለማይገባ በውስጡ ያሉት ረቂቃን እጽዋት ይሞታሉ፤ እነርሱም ለዓሣው ምግብና እስትንፋስ ነበሩ። ከላይ ረግፎ የሚወርደው ቅጠል ሲበሰብስ የቀረውን አየር ይጨርሳል። ዓሣ በማለዳ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ የሚታየው ስለዚህ ነው። ቆሮሶ ብዙ ታጋሽ ዓሣ ነው፥ ሆኖም ይህን ለረዥም ጊዜ አይችልም። ከዚህም በቀር ከቅጠሉ ሥር የተጠለለው ጸጥ ያለ ውኃ ለወባ ትንኝና የቢልሃርዝያን በሽታ ለሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ምቹ ቤት ይሆናል።

አነቃቀሉ እንዲህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የኩሬው መውጫ ቦይ ከቀርከሃ በተሠራ ጠባብ አጥር ወይም በመረብ ይዘጋ፤ ውኃው ይለፍ፥ ቅጠሉ ግን አይለፍ። ይህ ሳይደረግ ሥራ የጀመረ ሰው አረሙን ወደ ጎረቤቱ ላከው እንጂ አልነቀለውም፤ ከተቈረጠች አንዲት ቅርንጫፍ ሌላ ተክል ይበቅላልና። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዎች በኩሬው ግራና ቀኝ ቆመው ተንሳፋፊ ቀርከሃ የታሰረበትን ረዥም ገመድ እየጐተቱ አረሙን ወደ አንድ ዳር ይሰብስቡት። በዳሩም በመንሽና በእጅ ከነሥሩ ይውጣ። ማጨድ አይበቃም፤ የታጨደው እንደገና ያቈጠቍጣል። ሥራውም አበባ ሳይታይ ቢሆን እጅግ ይሻላል፤ አበባ ከታየ ግን አስቀድሞ አበባ ያለውን ለይቶ ማውጣት ነው።

የወጣውን የት እንደሚያኖሩት ብዙ ሰው አያስብም። እኔ ራሴ በዚህ ነገር ያፈርሁበት ጊዜ አለ። በአንድ ስፍራ የመንደር ሰዎች የጋራ ኩሬያቸውን ሲያጸዱ መዝገብ እይዝ ነበር። ሦስት ቀን ሠርተው አረሙን ሁሉ በኩሬው አፋፍ ላይ ከመሩት፤ እኔም የሠራተኛውን ቍጥር ደምሬ «ተፈጸመ» ብዬ ጻፍሁ። በማግሥቱ ሌሊት ብርቱ ዝናብ ዘነበ፥ የክምሩም እኩሌታ ተንሸራትቶ ወደ ውኃው ተመለሰ። ሰዎቹ ሁለተኛ ወጡ፤ መዝገቡ ግን እስከ ዛሬ ተፈጸመ ይላል። እንግዲህ ክምሩ ጐርፍ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ስፍራ ይሁን፤ በፀሐይ ይድረቅ፤ አበባና ፍሬ የያዘው ይቃጠል ወይም በጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር። ያላበበው ብቻ ከከብት ፍግ ጋር ተደርቦ ብስባሽ ይሁን። አንዳንዱ ሰው ለላም ሊሰጠው ይወዳል፤ ነገር ግን ከአሥሩ እጅ ዘጠኙ ውኃ ስለ ሆነ ላሚቱን አያጠግባትም፥ ተሸክመው ሲወስዱትም በየመንገዱ ቦይ ይወድቃል።

ውኃው ሊፈስስ የሚችል ኩሬ ከሆነ በበጋ አፍስሶ ማድረቅና ከታች የተቀመጠውን ጭቃ ዝቆ ማውጣት መልካም ነው። ዳሩ ግን በዚህ ብቻ የሚታመን ይሳሳታል። የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊተኛ ይችላል፤ የሚነቃውም ጭቃው ብርሃን አይቶ እንደገና ሲረጥብ ነው። ስለዚህ ከደረቀ በኋላ ኩሬው በሚሞላባቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዳሩ ዙሪያ የሚበቅሉትን ጥቃቅን ችግኞች መልቀም ግዴታ ነው።

ስለ መድኃኒት መርጨት የሚጠይቁ አሉ። ከብትና ሰው በሚጠጣው፥ ዓሣም በሚኖርበት ኩሬ ላይ ይህን ማድረግ አይገባም፤ መድኃኒቱ ባይጐዳ እንኳ በአንድ ጊዜ የሞተው ቅጠል ሁሉ ሰጥሞ ሲበሰብስ ዓሣውን ያፍነዋል። በኡጋንዳና በኬንያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ከ1995 ጀምሮ እምቦጭን ብቻ የምትበላ፥ የነቀዝ ወገን የሆነች ጥንዚዛ ተለቅቃ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረሙ እጅግ ቀንሶ ነበር፤ በኋላ ግን በአንዳንድ ወገን ተመልሶ በቅሏል። ይህ የተመራማሪዎችና የመንግሥት ሥራ ነው። የኩሬ ባለቤት ከሌላ አገር የመጣ ነፍሳት ወይም ዓሣ በራሱ ፈቃድ ሊያስገባ አይገባውም፤ እምቦጭም የመጣው እንዲሁ ነውና።

ስለ ሌሎቹ አረሞች በአጭሩ እንበል። እንደ ምስር ፍሬ ያሉ ጥቃቅን አረንጓዴ ቅጠሎች ውኃውን ቢሸፍኑ በጨርቅ ወይም በጠባብ መረብ ከነፋሱ ወገን ተጠርገው ይውጡ፤ ዶሮም ዳክዬም ይበሏቸዋል። ክር የመሰለው አረንጓዴ ልጋግም በዱላ እየተጠመጠመ ይወጣል። እነዚህ የበሽታው ምልክት ናቸው፤ በሽታው ግን በውኃው ውስጥ የበዛው ፍግና አፈር ነው። ከብቱ ኩሬው ውስጥ ገብቶ ከሚጠጣ ይልቅ ውኃው በቦይ ወደ ገንዳ ወጥቶለት ይጠጣ። እሸት ቡና የታጠበበት ውኃ ወደ ኩሬ አይግባ። ከኩሬው በላይ ያለው እርሻ ከውኃው ጋር እንዳይገናኝ በመካከሉ ጥቂት ሜትር ሣር ይተው።

በዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይደረግ እለምናለሁ። «የውኃ አረም ንቀሉ» ሲባል ቄጠማውን፥ ፊላውንና ደንገሉን የሚመነጥር አለ። እነዚህ ከጥንት የአገሩ ልጆች ናቸው፤ ሥራቸው አፈሩን ይዞ ያስቀራል፥ የሚገባውንም ውኃ ያጠራል። ረግረጉ ከጫካው ጋር የከፋ ሀብት ነው፤ በ2010 ዩኔስኮ አገሩን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ ሲመዘግብ ጫካውን ብቻ አልመዘገበም። ቄጠማው ኩሬውን ሁሉ እስኪሞላ ድረስ ከገባ በመካከሉ ማሳሳት ይገባል፤ ዳሩ ግን ይቈይ።

ደግሞም ኩሬው የግል ቢሆን ውኃው የግል አይደለም። የከፋ ወንዞች ብዙዎቹ ወደ ጎጀብ ወይም ወደ ኦሞ ይወርዳሉ፤ ጎጀብም ራሱ ከኦሞ ይገባል። በኦሞ ላይ ደግሞ በ2016 የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3ኛ ግድብ ሰፊ የቆመ ውኃ ይዟል። ለጌጥ ብሎ አንዲት ሐምራዊ አበባ ከከተማ አምጥቶ በኩሬው የተከለ ሰው የክረምት ጐርፍ ወዴት እንደሚያደርስበት ያስብ። ሽማግሌዎች በሸንጎ ይህን ነገር ቢያነሡት፥ የመስኖ ውኃ ተራ እንደሚዳኙ ሁሉ የመውጫውንም ቦይ ነገር ቢዳኙት መልካም ነው።

ለትምህርት ቤቱ የሚቀረው ሥራ ቀላል ነው። መምህሩ አንድ መዝገብ ይክፈት። በየሳምንቱ ሁለት ተማሪዎች በአቅራቢያው ያሉትን ኩሬዎች ከባለቤቶቹ ጋር ይዙሩ፤ ወደ ጥልቁ አይግቡ፥ ዳር ዳሩን ይመልከቱ። ቀኑን፥ የኩሬውን ባለቤት ስም፥ የታየውን ተክል ብዛት፥ የነቀለውንም ሰው ይጻፉ። ምንም ባይታይ «አልታየም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ መስመሩ ባዶ አይተው። ዘሩ 20 ዓመት ይተኛልና፥ የሚመረቁት ተማሪዎች መዝገቡን ለተተኪዎቻቸው በፊርማ ያስረክቡ፤ «ተፈጸመ» የሚለውን ቃል ግን ማንም አይጻፍበት።