ሀ ሁን ያልቆጠረው ዶስ

በሬ፣ ሞፈርና ቀንበር ቢኖር፣ አራሽ ከሌለ መሬቱ አይታረስም። ኮምፒዩተርም እንደዚሁ ነው። ብረቱ ብቻውን አይሠራም፤ «ይህን ጻፍ፣ ያንን አስቀምጥ» እያለ የሚያሠራው ፕሮግራም ይፈልጋል።

ከቀድሞዎቹ አሠሪ ፕሮግራሞች አንዱ ዶስ ይባላል። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1973 ዓ.ም. አወጣው። በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንደ ሲሬ ባለው ገጠር ገበሬው ሀ ሁ ሲቆጥር፣ ዶስ ግን ሀ ሁን አያውቅም ነበር። ትእዛዝ የሚቀበለው በጥቁሩ መስታወት ላይ በላቲን ፊደል ሲጻፍለት ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ኮምፒዩተር ፊደልን የሚለየው በቁጥር ነው። ዶስ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው። ግማሹን የላቲን ፊደል፣ አኃዝና ምልክት ይዞታል። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው። የቀረው ቦታ አይበቃቸውም።

ታዲያ ፊደላችን ቀረ? አልቀረም። እንደ አቶ ፍስሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን ዘዴ ፈልገው በአማርኛ የሚጽፍ ፕሮግራም ሠሩ። ሆኖም ሠሪዎቹ ሁሉ ለፊደሉ የየራሳቸውን ቁጥር ስለሰጡ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የጋራ ቁጥር ውስጥ ገባ። ዛሬ በእጅ ስልክ አማርኛ የምንጽፈው በዚሁ ነው።

ዶስ አርጅቶ ቀርቷል። እኛ ግን አንድ ነገር ተምረንበታል፦ ሰው እንደሚማር መሣሪያም ይማራል፣ የሚያስተምረው ካገኘ።