ተማሪ የሚጠይቅበት መድረክ

ኦክስፎርድ ዩኒየን በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ የሚገኝ፣ ተማሪዎች ራሳቸው የሚመሩት የክርክርና የውይይት ማኅበር ነው። የተቋቋመው በ1823 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባላቱ በአብዛኛው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቢሆኑም ማኅበሩ የዩኒቨርሲቲው አካል አይደለም፤ መተዳደሪያ ደንቡም አመራሩም የራሱ ነው። የአገር መሪዎች፣ ሳይንቲስቶች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ዘፋኞችና ስፖርተኞች እየተጋበዙ ወደ አዳራሹ ይመጣሉ፣ ይናገራሉ፣ ከዚያም ፊት ለፊታቸው ለተቀመጠው ተማሪ ጥያቄ እዚያው መልስ ይሰጣሉ።

ማኅበሩ በተመሠረተበት ዘመን የዩኒቨርሲቲው ሹማምንት የተማሪ ክርክር አይጥማቸውም ነበር። ወጣቱ ግሪክኛና ላቲን እንዲያጠና እንጂ ስለ መንግሥትና ስለ እምነት በነፃነት እንዲከራከር አይፈለግም ነበር። ጥቂት ተማሪዎች ግን ይህን አልተቀበሉም፤ ተሰባስበው መከራከር ጀመሩ። በዚያን ጊዜ የካምብሪጅ ተማሪዎች ተመሳሳይ ማኅበር ካቋቋሙ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የኦክስፎርዱ በ1825 እንደገና ተደራጅቶ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያዘ። ከመጀመሪያዎቹ ፕሬዚዳንቶቹ አንዱ ዊልያም ግላድስተን ሲሆን፣ ኋላ አራት ጊዜ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። ኸርበርት አስኩዊዝ፣ ኤድዋርድ ሂዝና ቦሪስ ጆንሰንም በተማሪነታቸው ማኅበሩን መርተው ኋላ ለዚያው ሥልጣን በቅተዋል። ስለዚህ ማኅበሩ ለሥልጣን ፈላጊዎች መወጣጫ ነው የሚል ትችት ሁልጊዜ ይሰነዘርበታል፤ ትችቱም ከእውነት የራቀ አይደለም።

ተማሪዎች በአንድ አዳራሽ የሚናገሩት ነገር ከአዳራሹ ውጭ ምን ያህል ሊያስተጋባ እንደሚችል በ1933 ታየ። የካቲት 9 ቀን፣ ሂትለር የጀርመን መራሔ መንግሥት ከሆነ አሥር ቀን ብቻ እንዳለፈ፣ «ይህ ጉባኤ በምንም ሁኔታ ቢሆን ለንጉሡና ለአገሩ አይዋጋም» የሚል የመከራከሪያ ሐሳብ ለውሳኔ ቀረበ። በ275 ድጋፍና በ153 ተቃውሞ አለፈ። ወሬው እንደተሰማ እንግሊዝ ታመሰች። ዊንስተን ቸርችል ውሳኔውን በብርቱ ቃል አወገዘው፤ ለማኅበሩም 275 ነጭ ላባዎች የያዘ ሣጥን ተላከ። ነጭ ላባ በእንግሊዞች ዘንድ የፈሪ ምልክት ነው፤ ድጋፍ ለሰጠ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ላባ መሆኑ ነው። የቸርችል ልጅ ራንዶልፍ ውሳኔው ከማኅበሩ መዝገብ እንዲፋቅ ከሳምንታት በኋላ ጠየቀ፤ ተማሪዎቹ ግን በ750 ድምፅ ለ138 አሳፈሩት። በመጀመሪያው ምሽት ከተሰጠው ድምፅ ይልቅ ይህ ሁለተኛው ስለ ማኅበሩ ጠባይ የበለጠ ይናገራል። ብዙዎቹ የመጡት ለሰላም ሲሉ ሳይሆን፣ አንድ ጉባኤ በሥርዓት የወሰነውን የውጭ ቁጣ ሊያስፍቀው አይገባም ብለው ነበርና።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1964፣ የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩ ማልኮም ኤክስ በዚሁ አዳራሽ ተናገረ። ክርክሩ ለነፃነት ሲባል ጽንፈኛ መሆን ነውር ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። የጋበዘው የወቅቱ ፕሬዚዳንት አንቶኒ አብረሃምስ የሚባል ከጃማይካ የመጣ ተማሪ ነበር። የብሪታንያው ቢቢሲ ክርክሩን በቴሌቪዥን ስላስተላለፈው፣ አሜሪካዊው ታጋይ በአገሩ ጋዜጦች ሲሳል ከኖረው መልኩ በጣም የተለየ ሆኖ ታየ፤ የሚቀልድ፣ ሐሳቡን በእርጋታ የሚያስረዳ፣ የተቃዋሚውን ነጥብ እያነሣ የሚመልስ ተከራካሪ። እርሱ የቆመለት፣ ነውር አይደለም ያለው ወገን በድምፅ ቢሸነፍም ዛሬ ድረስ የሚታየው የእርሱ ንግግር ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ ኒውዮርክ ውስጥ ተገደለ። ከመገደሉ ሦስት ቀን በፊት፣ የካቲት 18 ቀን 1965፣ ደራሲው ጄምስ ባልድዊን በካምብሪጁ ማኅበር ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ከወግ አጥባቂው ጸሐፊ ዊልያም ባክሊ ጋር ተከራክሮ በ544 ድምፅ ለ164 ረታ። አገራቸው በቅጡ ያላዳመጠቻቸውን ሁለት ሰዎች የእንግሊዝ ተማሪዎች ጋብዘው አዳመጧቸው። እንዲህ ያለ መድረክ ከሚያስመሰግኑት ነገሮች ይህ ትልቁ ነው።

ያው የኦክስፎርድ ማኅበር ግን በሩን ለሁሉም እኩል አልከፈተም። ሴቶች ሙሉ አባል መሆን የቻሉት በ1963 ነው፤ ከምሥረታው 140 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ጄራልዲን ጆንስ በ1968 አገለገለች። በ1977 ደግሞ ከፓኪስታን የመጣችው ቤናዚር ቡቶ ማኅበሩን መራች፤ አሥራ አንድ ዓመት ቆይታም የአገሯ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች።

የማኅበሩ አሠራር በአጭር ጊዜ ሹመት ላይ የቆመ ነው። የኦክስፎርድ የትምህርት ዓመት ስምንት ስምንት ሳምንት ባላቸው ሦስት ወቅቶች ይከፈላል፤ ፕሬዚዳንቱም የሚያገለግለው አንዱን ወቅት ብቻ ነው። ከጎኑ ሌሎች የተመረጡ ተማሪዎች አሉ፤ ገንዘብ ያዡ፣ ጸሐፊው፣ እንዲሁም የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የሚል ማዕረግ ያለው ምክትል። ፕሬዚዳንቱ የሚመረጠው አንድ ወቅት አስቀድሞ ስለሆነ በመካከል ያለውን ጊዜና የዕረፍቱን ወራት የግብዣ ደብዳቤ በመጻፍ ያሳልፈዋል። ማኅበሩ ለተናጋሪዎች የንግግር ክፍያ አይሰጥም። ታዋቂ ሰው የሚመጣው ለመድረኩ ክብር ሲል፣ ከእርሱ በፊት የመጡትን ሰዎች ስም ዝርዝር አይቶ፣ ወይም ደግሞ አስቸጋሪ ጥያቄ የሚጠብቀው መሆኑን እያወቀ ሐሳቡን ለወጣቶች ሊያስረዳ ፈልጎ ነው። በስምንት ሳምንት የሚያበቃ ሹመት ችኮላና የምርጫ ሽኩቻ ያበዛል፤ ይሁን እንጂ አንድ ሰው መድረኩን የግሉ እንዳያደርገው ይከላከላል።

ሐሙስ ማታ የክርክር ቀን ነው። አባላቱ ድምፅ የሚሰጡት ከአዳራሹ ሲወጡ ነው፤ ደጋፊው በአንደኛው በር፣ ተቃዋሚው በሌላው በኩል ያልፋል፣ በር ላይ የቆሙትም ይቆጥራሉ። በሌሎቹ ቀናት እንግዳው ለብቻው ይቀርባል። አንዳንዱ ንግግር ያደርጋል፤ ሌላው ከፕሬዚዳንቱ ወይም ከአንድ የኮሚቴ አባል ጋር ትይዩ ተቀምጦ ቃለ ምልልስ ያደርጋል። በመጨረሻ ጥያቄው ለታዳሚው ይለቀቃል። ምሽቱ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የሙያ ጋዜጠኛ ነገ ተመልሶ ሌላ ቃለ ምልልስ መጠየቁ ስለማይቀር እንግዳውን ላለማስቀየም ይጠነቀቃል። የሃያ ዓመቱ ተማሪ ግን ከእንግዳው የሚፈልገው ነገር የለም፤ ሁለተኛም ላያገኘው ይችላል። ጥሩ የተዘጋጀ ተማሪ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያነሣው ጉዳይ የእንግዳው አማካሪዎች ለዓመታት ሲሸፋፍኑለት የኖሩት ሊሆን ይችላል። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ሥልጣን በለቀቀ በአራት ዓመቱ፣ በ1978፣ ወደ ማኅበሩ ሲመጣ ውጭ ሰልፈኞች ይጮኹበት ነበር፤ ውስጥ ግን ከሥልጣን ያወረደውን የዋተርጌትን ጉዳይ ራሱ እንዳበላሸው አመነ። የማይዘጋጅ ጠያቂ ደግሞ ምሽቱን ያባክናል፤ ዝነኛ ሰው ባየ ቁጥር የሚያሞጋግስ ወይም ከጥያቄ ይልቅ ዲስኩር የሚያሰማ ተማሪ በየመድረኩ አይጠፋም።

ማን ይጋበዝ የሚለው ጥያቄ ማኅበሩን ደጋግሞ አናውጦታል። በኅዳር 2007 የአንድ የብሪታንያ ቀኝ ጽንፈኛ ፓርቲ መሪ ኒክ ግሪፊንና ዴቪድ ኧርቪንግ ስለ ንግግር ነፃነት እንዲናገሩ ተጋበዙ። ኧርቪንግ የአይሁዶችን ጭፍጨፋ በመካዱ በኦስትሪያ ተፈርዶበት የታሰረ ሰው ነው። ሰልፈኞች ሕንፃውን ከበቡ፣ የተወሰኑትም ጥሰው ገቡ፤ ዝግጅቱ ዘግይቶ፣ እንግዶቹም ለሁለት ተከፍለው በተለያዩ ክፍሎች ተካሄደ። ጋባዦቹ ክፉ ሐሳብ በአደባባይ ሲሞገት ይረታል አሉ። ተቃዋሚዎቹ መድረኩ ራሱ ክብር ስለሚሰጥ ሐሰተኛውን ከምሁር እኩል ያስቀምጠዋል አሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ ሆኖም በታሪክ የተረጋገጠ ጭፍጨፋን መካድ ከአስተያየት ልዩነት ጋር የሚቆጠር አይደለምና በዚህኛው ጉዳይ የሰልፈኞቹ ክርክር ይከብዳል።

የኢንተርኔት ቪዲዮ ሲስፋፋ የማኅበሩ ታዳሚ በመቶዎች ከሚቆጠር ሰው ወደ ሚሊዮኖች አደገ። በ2015 ብሪታንያ ለቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ ካሣ መክፈል አለባት ወይ በሚል ርዕስ ክርክር ሲደረግ የሕንዱ የፓርላማ አባል ሻሺ ታሩር ያሰማው ንግግር በአገሩ በሚሊዮኖች ታየ። የፖለቲካ ተቀናቃኙ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ሳይቀሩ አመሰገኑት፤ ታሩርም ሐሳቡን አስፋፍቶ በዓመቱ በመጽሐፍ አወጣው። የአልጀዚራው «ሄድ ቱ ሄድ» የተባለው የመህዲ ሐሰን የቃለ ምልልስ ዝግጅትም የተቀረጸው በዚሁ አዳራሽ፣ በታዳሚ ፊት ነው። ቪዲዮውን ማንም ሰው በየትኛውም አገር ሆኖ ያያል፤ እጁን አውጥቶ መጠየቅ የሚችለው ግን አሁንም በአዳራሹ ውስጥ ያለ ታዳሚ ብቻ ነው።