ከካራማራ ባሻገር ያለ መድኃኒት

ከጅግጅጋ ተነሥቶ የካራማራን ተራራ አልፎ ወደ ሐረር የተጓዘ ሰው ኬላውን ያውቀዋል። ሚኒባሱ ይቆማል፣ ፈታሽ ይገባል፣ በቶጎ ውጫሌ የገባ ጨርቅ፣ ስልክና ሽቶ እየተፈለገ ሻንጣ ይበረበራል። ባቢሌ አቅራቢያ በተደረገ አንድ ፍተሻ ላይ ከጎኔ የተቀመጡ እናት ጭናቸው ላይ ያለውን ጥቁር ፌስታል አልከፍትም አሉ። ፈታሹ ከረር ሲልባቸው ፈቱት። ውስጡ ክዳኑ ዙሪያውን በፕላስተር የተጠመጠመ የፕላስቲክ ዕቃ ነበር። «የእህቴ ጡት ነው። ትናንት ተቆረጠ። ለምርመራ ሐረር እያደረስኩት ነው» አሉት። ፈታሹ ፌስታሉን ራሱ መልሶ ቋጠረላቸውና ወረደ።

ነገሩ አልለቅ አለኝ። የካንሰር ምርመራ የሚጠብቅ የሰው አካል እንዴት በተሳፋሪ ጭን ላይ ይጓዛል? ውጤቱንስ ማን ያመጣዋል? ሴትየዋስ ውጤቱ እስኪመጣ ምን ትሆናለች? ይህን ይዤ እኚያን እናት ጅግጅጋ ቤታቸው ድረስ ሄጄ አገኘኋቸው። ስማቸውን አልጽፍም። ሰፈሩ ኤዶ ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ሰፈሩ እላቸዋለሁ። «እህቴ» ያሏት ሴት የሥጋ እህታቸው አልነበረችም። ከቀብሪበያህ የመጣች፣ አማርኛ የማትሰማ፣ ሐረርን አይታ የማታውቅ ሴት ናት፤ ኤዶም ከሕመሟ በፊት አያውቋትም ነበር። እሳቸው ከዓመታት በፊት ግራ ጡታቸውን በቀዶ ሕክምና አጥተዋል። ዛሬ ከጅግጅጋ፣ ከአውበሬ፣ ከሐርሺን ጡቷ ላይ ዕብጠት ያገኘች ሴት ስልካቸውን ከሰው ሰው ተቀባብላ ትደውልላቸዋለች።

«ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ማን አብሮሽ ይሄዳል ብዬ ነው» ይላሉ። «ብሩን በአዩቶ፣ በዕቁባችን እንሰበስበዋለን። ሴቶቹ ዕጣቸውን ለታመመችው ይለቁላታል። አብሮ የሚሄድ ሰው ግን በአዩቶ አይሰበሰብም።»

በሽታው ብርቅ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች አዲስ የጡት ካንሰር ይዟቸዋል፤ ከ9 ሺህ በላይ ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በሴቶች ላይ ከሚያገኛቸው ካንሰሮች ሲሶ ያህሉ የጡት ነው። ብዙዎቹ ታማሚዎች ገና 50 ዓመት አልሞላቸውም፤ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ገበያ የሚውሉ ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዕብጠቱ ወደ ብብት ከተሻገረ ወይም ቆዳ ከቀደደ በኋላ ነው።

ለመዘግየቱ ሁሌም ድንቁርና ይወቀሳል። ኤዶን ሲያዳምጡ ምክንያቱ ሌላ ነው። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። በጅግጅጋ ዙሪያ ደግሞ አንዲት እናት ሥራ አስትቶ ሐኪም ቤት የሚያስሮጣት ሕመም ብቻ ነው። «ስታጠብ እንደ ሽምብራ ፍሬ ሆኖ በእጄ ገባ። ስጫነው አላመመኝም። ያላመመኝን ነገር ለማን ልናገር? ረመዳን ደረሰ፣ ከዚያ ኢድ፣ ከዚያ የልጄ ሠርግ። ሠርጉ ላይ ስጨፍር እንኳ እዚሁ ነበር» አሉኝ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ከሠርጉ በኋላ ሼኩ ቁርዓን ቀሩላቸው። ጥቁር አዝሙድ በማር ጠጡ። አንድ አዋቂ ደግሞ ዕብጠቱን በጋለ ብረት ተኮሷቸው። አርብቶ አደሩ ግመሉንም ራሱንም በእሳት ሲያክም የኖረ ነውና ማንም አልደነገጠም። «እሳቱ ነው ያመመኝ። ሐኪም ቤት የሄድኩት ለቁስሉ ነው። ሐኪሙ ቁስሉን ትቶ ዕብጠቱን ያዘ።» ሼኩን አይወቅሱም፤ ዛሬም በዱዓቸው ይጽናናሉ። ሼኩም አሁን ዕብጠት ያላትን ሴት ወደ ኤዶ ይልካሉ።

ሕክምናው ረጅም ነው። ናሙና ተወስዶ ካንሰርነቱ ይረጋገጣል። ጡቱ ከብብት ዕጢዎቹ ጋር ይወጣል። የወጣው አካል ተመርምሮ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት መሆኑና አለመሆኑ መታወቅ አለበት፤ ይህን ምርመራ የሚሠሩ ቤተ ሙከራዎች ደግሞ በአገሪቱ ጥቂት ናቸው። ከዚያ ኬሞ ይከተላል። የተለመደው 8 ዙር ነው፤ ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ፣ በድምሩ ግማሽ ዓመት ገደማ። ከጅግጅጋ ሐረር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ኬሞዋን የምትከታተል የጅግጅጋ ሴት ለ8ቱ ዙር ብቻ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ትመላለሳለች። ከአይሻና ከደወሌ የምትመጣዋ ደግሞ በድሬዳዋ በኩል ዞራ ትደርሳለች። ደም ተመርምሮ ነጭ የደም ሴል ካነሰ መድኃኒቱ አይሰጥም። ቀጠሮው ይገፋል፣ ቤርጎ ይያዛል፣ ለአብሮ ሂያጁም ምግብ ይገዛል።

ቀዩን የኬሞ መድኃኒት ያነሡ ሁሉ የሚያወሩት ስለ ፀጉር ነው። ኤዶ ስለ ሽታ ያወራሉ። «ፀጉሬን ሒጃብ ሸፈነልኝ፣ ማንም አላየ። የጎዳኝ ዑንሲው፣ የዕጣኑ ጭስ ነው። የሶማሌ ቤት ያለ ዑንሲ አይሆንም፤ ሲጨስ እኔ አንጀቴ ይወጣል። ባሌ በግቢው ሁሉ ዕጣን አጥፉ አለ። ጎረቤት እኛን ስትጠይቅ ልብሷን ቀይራ ትመጣ ነበር።» ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ወገን ክንዳቸው ያብጣል፤ የብብት ዕጢ ከወጣ በኋላ ፈሳሹ መውረጃ ስለሚያጣ ነው። ውኃ በጀሪካን በሚቀዳበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ጀሪካኑን በቀኜ ስይዝ ሰው ሰነፈች አለኝ። ጡቴ እንደሌለ ሳይሆን ጀሪካን በሁለት እጄ እንደማልይዝ ነው ሰፈሩ ያወቀው።» በጡት መያዣቸው ውስጥ የሚያኖሩትን ከአሮጌ ድራዕ ቀሚስ የተሰፋ ትራስ አሳዩኝ። ለሌሎችም ይሰፋሉ። ክብደት እንዲኖረው ማሽላ ይጨምሩበታል፤ ያለዚያ ትከሻ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል ይላሉ።

ኤዶ ማታ ከመተኛታቸው በፊት የሚውጧት ትንሽ ነጭ እንክብል ታሞክሲፈን ትባላለች። ታሪኳ ሊነገር የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዝ ቼሻየር፣ አይ ሲ አይ በተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ዶራ ሪቻርድሰን የተባለች ኬሚስት መድኃኒቱን ቀመመችው። የተፈለገው እርግዝና መከላከያ ነበር። በሴቶች ላይ ሲሞከር እንዲያውም እንቁላል እንዲለቀቅ የሚረዳ ሆኖ ተገኘ፤ ለወሊድ መከላከያ አልሆነም። ነገር ግን ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በሴሉ ውስጥ የሚይዘውን ቦታ ቀድሞ ይይዛልና በሆርሞን የሚያድግ የጡት ካንሰር እንዳያድግ ያግደዋል። ማንቸስተር በሚገኘው ክሪስቲ ሆስፒታል በታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ1971 ታተመ። በ1973 ብሪታኒያ ለጡት ካንሰር ፈቀደችው፤ በ1977 አሜሪካ ተከተለች። ጥቅሙን ለዓመታት ያጠናው ክሬግ ጆርዳን በ2024 ሲሞት በዓለም ዙሪያ ብዙ ሴቶች በዚህ መድኃኒት በሕይወት እየኖሩ ነበር።

ለእኛ ደግሞ ይህ እንክብል ከሌላው ሁሉ ይቀርባል። ኬሞ ደም ሥርና አልጋ ይፈልጋል፣ ጨረር ግዙፍ መሣሪያ ይፈልጋል። ታሞክሲፈን በቀን አንዴ ቤት ውስጥ ይዋጣል፣ ለ5 ወይም ለ10 ዓመት። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ሊዋጥ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የአፍሪካ ሴት የጡት ካንሰር ለሆርሞን መድኃኒት ምላሽ አይሰጥም የሚል አስተሳሰብ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በጀርመን የሃለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ይህን ለእኛ አገር አፍርሶታል። ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያት ካንሰሩ ሆርሞን የሚቀበል ዓይነት የሆነባቸው ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ናቸው። ከዚያም ቀደም ብሎ በ2005 አክሲዮስ የተባለ ድርጅት ከአስትራዜኔካ ኩባንያ ጋር በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በጀመረው ፕሮጀክት መድኃኒቱ በነፃ ተሰጥቷል። በደቡብ ኢትዮጵያ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ የሠለጠነች ነርስ የተከታተለቻቸው ሴቶች እንክብሉን ሳያቋርጡ የመቀጠላቸው ዕድል ካልተከታተለቻቸው ይበልጥ ነበር።

ጨረሩ ግን ለረጅም ዘመን በአንድ ግቢ ታጥሮ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ ጥቁር አንበሳ የመጀመሪያውን የጨረር ሕክምና ሲጀምር አገር ደስ አለው። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ፣ ሕዝቡ ከ100 ሚሊዮን ሲያልፍም ያው አንድ ማዕከል ነበር። መሣሪያው ሲበላሽ የመላው አገር ወረፋ ይቆም ነበር። ከጅግጅጋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ወራት የሚያስጠብቅ ቀጠሮ ተሰጥቷት የተመለሰች ሴት ዳግም ላትሄድ ትችል ነበር። ሐረር አዲስ የጨረር ማዕከል እንዲገነባባቸው ከተመረጡት ከተሞች አንዷ መሆኗ ለምሥራቁ ትልቅ እፎይታ ነበር።

በሽታውን አደባባይ ያወጣው ግን መሣሪያ አይደለም፤ ሰው ነው። አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸው ማቲዎስ በደም ካንሰር ከሞተባቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 በስሙ የመሠረቱት የካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕመምተኞች አዲስ አበባ ማረፊያ ሰጥቷል። በአሜሪካ በ1974 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ቤቲ ፎርድ ጡታቸው መቆረጡን ሳይደብቁ ሲናገሩ ብዙ ሴቶች ለምርመራ ወጥተዋል። የጅግጅጋ ሴቶችም የራሳቸው መንገድ አላቸው፤ ቡራንቡር። የሶማሌ ሴት በሠርግ፣ በሽምግልና፣ በፖለቲካም ሐሳቧን የምታሰማበት ግጥም ነው። ኤዶና ጓደኞቻቸው ስለ ዕብጠት፣ ስለ ብብት፣ ሐኪም ዘንድ ቶሎ ስለመሄድ ገጥመው ሠርግ ላይ ይሉታል። «ጡት ብለን በአዳራሽ ስንናገር ወንዶች አንገታቸውን ደፉ። በቡራንቡር ስንለው አጨበጨቡ። ያው ቃል ነው እኮ፣ ዋላል!» ብለው ሳቁ።

ሠርግ ላይ ዕብጠቷን ያወቀች ሴት ግን ነገ የት ትሂድ? ይህን ይዤ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን አንድ ኃላፊ ጠየቅሁ። ለካንሰር ስንት በጀት ተይዟል? ናሙና በማን ይላካል? ታሞክሲፈን ጅግጅጋ ላይ ሳይቋረጥ ይገኛል? በጽሑፍ አምጣ አሉኝ፤ አመጣሁ። ስብሰባ ላይ ነኝ አሉ። በኋላ ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሣም። መልስ አላገኘሁም። ኤዶ ግን መልስ አላቸው፦ «ሐረር ሲጠፋ ከሀርጌሳ በሰው እናስመጣለን። ሀርጌሳም ሲጠፋ አንዷ ካላት ላይ ለሌላዋ ታካፍላለች። ሁለታችንም ግማሽ እንታከማለን።» ግማሽ ሕክምና ግን ካንሰሩ ዳግም እንዲመጣ በር ይከፍታል።

ሊሠራ የሚችለው ነገር ሩቅ አይደለም። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ አክታና የኤች አይ ቪ ደም ናሙና በኢትዮጵያ ፖስታ አማካኝነት ከጤና ጣቢያ ወደ ቤተ ሙከራ ይጓዛል። መንገዱ አለ፣ ማሸጊያው አለ፣ ፈርሞ የሚረከብ ሰው አለ። የጡት ናሙናን በዚያው መስመር ላይ መጫን አዲስ መሥሪያ ቤት አይፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአገሮች ያስቀመጠው ግብ ታማሚዋ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ በቀረበች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራው እንዲያልቅና ከ80 በመቶ በላይ ታማሚዎች ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ ነው። በፌስታል የሚጓዝ ናሙናና በልመና የሚመጣ እንክብል ይዘን እዚያ አንደርስም።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን ሰው ነው። ኤዶ የሚሠሩትን ሥራ ሌሎች አገሮች ደመወዝ ይከፍሉበታል፤ ሕመምተኛዋን ከመጀመሪያው ዕብጠት እስከ መጨረሻው ዙር ይዞ የሚያደርስ ሠራተኛ ይቀጥሩለታል። ጅግጅጋ ይህን ሰው መፈለግ አያስፈልጋትም። ሶማሊኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገሩ፣ የሐረርን ሆስፒታል ኮሪደር በጭለማ የሚያውቁ፣ የኬሞን ማቅለሽለሽ በራሳቸው አካል የተማሩ ሴቶች አሉ። የትራንስፖርታቸውን ከኪሳቸው እየከፈሉ ይሠራሉ። የክልሉ ጤና ቢሮ የእነዚህን ሴቶች ዝርዝር ይያዝ፣ ያሠልጥናቸው፣ መታወቂያ ይስጣቸው፣ ወርሃዊ ክፍያ ይቁረጥላቸው። ታሞክሲፈንን ደግሞ ጅግጅጋ ላይ ከመጋዘን እንዳይጠፋ ከኢንሱሊን እኩል ይቁጠረው። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንድ የጨረር መሣሪያ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ የሚያድናቸው እናቶች ግን በዚሁ ዓመት የሚቆጠሩ ናቸው።